የሰው ስፖኪዮ ይዤ እየነዳሁ ነው

ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የንግድና የጸጥታ ኃላፊዎች፤ ከሁሉ በላይ ግን በለቡ መብራት ኃይል መኪናችሁን በግቢና በአጥር ጥግ አቁማችሁ ለምታድሩ ጎረቤቶቼ

ቀጥሎ የሚመጣው ኑዛዜ ነው።

በመኪናዬ ቀኝ በር ላይ ያለው ስፖኪዮ የእኔ አይደለም። የማን እንደሆነም አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት ባየሁት ቁጥር ስለሚያሳፍረኝ ነው፤ ስፖኪዮ ደግሞ ሹፌር ሳያየው የሚውል ነገር አይደለም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲያወርደው አደረ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ እንኳን የካቻቢቴ የመዶሻ ድምፅም ይውጣል። ኮሮላዬ ከመኝታ ቤቴ መስኮት አሥራ አምስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ቆማ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስወጣ ሁለቱም ጆሮዎቿ የሉም፤ ከበሮቹ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥለው ውሃ ያንጠባጥባሉ። የማከብራቸው አንድ ጎረቤቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ ብለው አዩኝ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «ዛሬውኑ ሄደህ ግዛ። ከዘገየህ የራስህን ለሌላ ሰው ሸጠውት ታገኛለህ።» ሳቅን። የግቢው ጥበቃ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቅ ነው። ሦስታችንም ዕቃው ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚገዛው ጠንቅቀን እናውቅ ነበርና።

ሄድኩ። የገዛሁበትን የመለዋወጫ ተራ ስም አልጠራም፤ እዚያ በሐቅ ነግደው የሚያድሩ ብዙዎች አሉ። ያስተናገደኝ ልጅ ዕድሜው ከሃያ አይበልጥም። የመኪናዬን ሞዴል ጠየቀኝ፣ «ቆይ ጋሼ» ብሎ ወደ ኋላ ገባ፣ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ ሁለት ስፖኪዮ ይዞ ወጣ። የግራው ንጹሕ ነው። የቀኙ መስታወት ታችኛው ጥግ ላይ ግን የተፋቀ ነገር አለ። አንድ ሰው የሰሌዳ ቁጥሩን አስቀርጾበት ኖሯል፤ ሌላ ሰው ደግሞ በሸካራ ነገር ፍቆታል። ፋቂው ሳይቸኩል አልቀረም፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አላጠፋቸውም፦ 38። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ጭረት ነው ጋሼ፤ ለእሱ እቀንስልሃለሁ» አለኝ። ቀነሰልኝ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ ደስ ያለኝም በቅናሹ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ይደነግግና ጥቂት ወረድ ብሎ፣ አንቀጽ 682 ላይ፣ «መሸሸግ» ስለሚለው ወንጀል ይናገራል። ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ዕቃውን የሚገዛ፣ የሚቀበል ወይም የሚደብቅ ሰው ይጠየቅበታል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የተፋቀ ሰሌዳ በዓይኑ አይቶ፣ ለመፋቁ ቅናሽ ተቀብሎ የሄደ ሰው «ማወቅ ይገባው ነበር» ከተባለ ምን ብሎ ይከራከራል? ይህንን ለዚያው ጎረቤቴ ስነግራቸው «ሌባ ሌባን ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው» ብለው ገላገሉኝ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ጎረቤቶቼ ልምጣ። ስፖኪዮ፣ ባትሪ ወይም ጎማ በጠፋ ማግስት የምናደርገውን ስብሰባ ታውቁታላችሁ። አጥሩ ከፍ ይበል እንላለን። ሽቦ ይጨመር፣ ካሜራ ይገጠም፣ ውሻ ይምጣ እንላለን። ስማችን መብራት ኃይል ሆኖ ግቢያችን በጨለማ ያድራል ብለን እንቀልዳለን፤ የተቃጠለውን አምፖል የመቀየር ግዴታ የእኛው መሆኑ ግን ትዝ አይለንም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ግቢውንና ደረጃውን የጋራ ሀብታችን ሲያደርግ አምፖሉንም አብሮ ሰጥቶናል። ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ስብሰባው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያርፋል፦ ጥበቃው ላይ። «እሱ ሳያውቅ አይሆንም።» «ተኝቶ ነው እንጂ።» «ይቀየር።» እኛ ባለፉት ዓመታት ስንቱን ቀየርን?

አያቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ ይመጣል፤ መድኃኒት ይጠጣል፣ ጢስ ይታጠናል፣ ራሱን ይስታል። ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት አንድ ሰው ይዞት በየመንደሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት፣ በቃ፣ ሌባው እሱ ነው። ማስረጃው የልጁ እንቅልፍ ብቻ ነበር። ዘመናዊ ሕግ ሲመጣ ይህ ቀረ ይባላል፤ እኔ ግን እስከ ባለፈው ስብሰባችን ድረስ አለ ባይ ነኝ። ዛሬ ልጁ የሚወድቀው ሁልጊዜ የጥበቃ ቤት ውስጥ ነው፤ በግቢው ካሉት ቤቶች ሁሉ በራፉ ክፍት የሆነው፣ ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው የሚያድርበት፣ እሱ ብቻ ነውና። ለጥበቃ የምናዋጣው ገንዘብ አንድን ሰው ወር እስከ ወር እንደማያደርስ እያወቅን፣ ቀን ግንበኛ ጋ ጭቃ ሲያቦካ ውሎ ማታ እንቅልፍ ቢጥለው እንገረማለን። ደመወዙን አንጨምርም፣ ካፖርት አንገዛለትም፣ የሚያነጋው ሻይ እንኳ የለውም። ከዚያ ግን ለእያንዳንዱ ስፖኪዮ ዋስ እንዲሆነን እንፈልጋለን።

እነዚያው አያቶቻችን ሌላም ሥርዓት ነበራቸው፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ። ንብረት ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ሌባው ካልተገኘም የጠፋውን ዋጋ አገሬው ተካፍሎ ለባለ ንብረቱ ይከፍላል። አውጫጭኝ ጣጣ ነበረው፤ ያላጠፋ ሰው ከእርሻው ተነጥሎ ይንገላታል፣ ቂም ያለው በጠላቱ ላይ ይመሰክራል። ይመለስ አልልም። አንድ ነገሩ ግን ያስቀናኛል። የአንዱ ሰው ኪሳራ የሁሉም ኪሳራ ስለሚሆን ማንም «የእኔ ስላልሆነ» ብሎ ዓይኑን አይጨፍንም ነበር። እኛ ግቢ የሰው መኪና አላርም ሲጮህ ትራሳችንን ጆሯችን ላይ አድርገን እንተኛለን። (አላርም ለድመትም ለሌባም እኩል እየጮኸ ስላስለመደን ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም።)

ይህን ለምን አሁን እንደምል ላስረዳ። ዕቃ የሚሰረቀው ገበያ ስላለው ነው፤ ገበያው ደግሞ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደርቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እነዚህ ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል፤ ለክርክሩ ይህ ቦታው አይደለም። ለእኔ ኮሮላና ለጎረቤቴ ቪትዝ ያላቸው ትርጉም ግን ግልጽ ነው፦ ተተኪ አይመጣላቸውም፣ ያሉት ለብዙ ዓመት መነዳት አለባቸው፣ የሚነዱትም በመለዋወጫ ነው፣ አዲስ መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው። እዚህ ቀመር ውስጥ የሌሊት ካቻቢቴ ቦታ አገኘች። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አትዝናኑ። ሞተራችሁን ማንም በሽቦ አያስነሳባችሁም፤ ስፖኪዮው ግን ካሜራና ማሞቂያ ይዞ ስለመጣ ዋጋው ከእኔው የከፋ ነው። ከበረንዳ የምታወርዱት የቻርጀር ገመድም መዳብ ነው።

ኢንሹራንሱስ? አብዛኞቻችን ያለን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግድ የተባለው የሦስተኛ ወገን ዋስትና ነው። እሱ የሚያውቀው እኛ በሌላ ሰው ላይ የምናደርሰውን ጉዳት ነው፤ በእኛ ላይ ስለደረሰው አይጠይቅም።

ስለዚህ ቀላሉና ርካሹ ነገር ማስቀረጽ ነው። ስፖኪዮው ላይ፣ የፊትና የኋላ መብራቱ ላይ፣ መስኮቶቹ ላይ፣ ቸርኬው ላይ የሰሌዳ ቁጥር ማስጻፍ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም አድርጋችሁታል። ናይሮቢ ያየ ሰው መስታወቱ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት መኪና ብርቁ አይደለም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ፣ ብዙ በሚሰረቁ የመኪና ዓይነቶች ዋና ዋና አካላት ላይ ፋብሪካው መለያ ቁጥር እንዲያትም አስገድዳለች። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ዕቃው ስሙን ይዞ ከሄደ የሚገዛው ሰው ያፍራል። የእኔ ታሪክ ግን ይህ የት ላይ እንደሚሰበር ያሳያል። ሰሌዳው በ38 የሚያልቀው ሰውዬ የድርሻውን አድርጎ ነበር፤ ከፍሎ አስቀርጿል። ልፋቱን ገደል የከተተው ፋቂው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፋቂው ግን እንደ እኔ ያለ ገዢ እንደሚመጣ ባያውቅ መች ይደክማል?

ሙሉ መኪናውን ይዘው ስለሚሄዱት ባጭሩ ልበል፤ ይህ የስፖኪዮ ወንድም ነው እንጂ ራሱ አይደለም። ቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር ካልተግባባች ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለው ኢሞቢላይዘር አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግዴታ ነው። አሜሪካ ግዴታ አላደረገችውም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሞዴል ሌሎቹ አምራቾች በ96 በመቶ የመኪና ዓይነቶቻቸው ላይ ሲገጥሙት ህዩንዳይና ኪያ በ26 በመቶው ላይ ብቻ ገጠሙት። ይህን የደረሱበት ጎረምሶች እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በቪዲዮ እየተማማሩ በየከተማው ሲነዷቸው አምራቾቹ ሚሊዮኖች መኪና ላይ ሶፍትዌር ለመቀየር ተገደዱ። የእኛ አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ ይህ ቺፕ የላቸውም። ለእነሱ የመሪ ወይም የማርሽ ቁልፍ፣ የምታምኑት ኤሌክትሪሺያን ነዳጅ ፓምፑ ላይ የሚሠራው ድብቅ ስዊች፣ ከቻላችሁም ሲም ካርድ ያለው ጂፒኤስ ይበጃል። ሊብሬው መኪና ውስጥ አይደር። ቁልፉን ለእጥበትም ለጋራዥም ስትሰጡ የቤቱን ቁልፍ ከሰንሰለቱ አውጡ፤ ቁልፍ ለማስቀረጽ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። ደግሞም አንድ የሰፈራችን ነገር አለ። ከለቡ የተነሳ መኪና ብዙ ሳይርቅ ፉሪ ነው፤ ፉሪ የሸገር ከተማ ነው፣ ሌላ አስተዳደር፣ ሌላ ፖሊስ። ስለዚህ መኪናችሁ ከቦታው ከጠፋ መጀመሪያ ወንድማችሁ ጋ አትደውሉ። 991 ላይ ደውሉ፤ ሰሌዳና ሻንሲ ቁጥሩንም ስልካችሁ ውስጥ ቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አሁን የምለምነውን ልናገር።

ጎረቤቶቼ፣ ከአውጫጭኝ ያንን አንዱን ነገር እንዋስ። እድር አለን፣ እቁብ አለን፤ መኪና ያለን ሰዎች በየወሩ ጥቂት ብር የምናስቀምጥበት ሣጥን ይኑረን። ስፖኪዮው ወይም መብራቱ በግቢያችን ለጠፋበት ሰው ሣጥኑ ያግዘው። ግን ዝም ብሎ አይደለም፦ የጠፋው ዕቃ ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን፤ ለፖሊስ የተመዘገበ ይሁን፤ አዲስ የገባው ደግሞ ደረሰኝ ይኑረው። ደረሰኝ የሌለው ሰው ከሣጥኑ አንድ ብር አያገኝም። ይህን የምለው ስለ አንድ ጎረቤታችን አስቤ ነው። ራይድ ይሠራል፤ ስፖኪዮ ሳይኖረው ሥራ አይወጣም፣ ካልወጣ ቤቱ አይበላም፣ የአዲሱ ዋጋ ደግሞ የሳምንት ገቢው ነው። እሱን «የተሰረቀ አትግዛ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ለጠገበ ሰው። የሚገዛበትን ካገኘ ግን ተራ አይሄድም። ከሣጥኑ የሚተርፍ ካለ ለጥበቃው ካፖርትና ለሌሊት ሻይ ይሁን። ስብሰባ ስናደርግም እሱን እንጥራው እንጂ አንክሰሰው፤ ማን ሌሊት ሲዞር እንደነበር የሚያውቀው እሱ ነው፣ እስካሁን የጠየቀው ግን የለም።

የክፍለ ከተማው የንግድ ኃላፊዎች፣ ያገለገለ መለዋወጫ መሸጥ ነውር አይደለም። ተጋጭቶ ከጥቅም ውጪ የሆነ መኪና ዕቃው ሌላ መኪና ማዳኑ ለአገርም ይጠቅማል። የምጠይቃችሁ አንድ ደብተር ነው። ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ ዕቃውን ያመጣለትን ሰው ስምና የፋይዳ ቁጥር ይመዝግብ፤ ሲሸጥ ደረሰኙ ላይ የዕቃውን ምልክት ይጻፍ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ከተገኘ ይጠየቅ። ይህ ሐቀኛውን ነጋዴ አይጎዳውም፤ ይልቁንም በሌሊት ዕቃ ዋጋ ከሚሰብርበት ጎረቤቱ ይጠብቀዋል።

የጸጥታ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ስጡን። የመቅረጫ መሣሪያ ያለው ባለሙያ እኛ እንቀጥራለን፤ እናንተ ቦታና አንድ ባልደረባ ላኩልን። ሰሌዳና ሊብሬ አይቶ የመኪናው ባለቤት ራሱ መሆኑን ያረጋግጥ፣ ከዚያ ይቀረጽ፣ ዝርዝሩም እናንተ ጋ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ አንድ ቀን ከአንድ ጓዳ ስፖኪዮ በጆንያ ሲያዝ የባለቤቶቹን ስም ጠርታችሁ ልትመልሱ ትችላላችሁ። ምልክት የሌለውን ዕቃ «የእኔ ነው» ብሎ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም።

የቀረው የእኔ ጉዳይ ነው። የሰሌዳህ መጨረሻ 38 የሆነ፣ ያንተም መኪና ኮሮላ የሆነ፣ የቀኝ ስፖኪዮህን አንድ ሌሊት ያጣህ ወንድሜ (ወይም እህቴ)፦ ከለቡ ሁን ከጀሞ፣ ከኃይሌ ጋርመንት ሁን ከሌላ ቦታ፣ ወደ ግቢያችን ናና ጥበቃውን ጠይቀው። እኔን የት እንደምታገኘኝ ነግሬዋለሁ። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ሌላ ምልክት አድርገህበት ነበር፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ አንተ ታውቀዋለህ። እሱን ንገረኝ፣ ሊብሬህን አሳየኝ፣ ስፖኪዮህን ውሰድ። ካቻቢቴ አለኝ።

አክባሪያችሁ፣ ከለቡ መብራት ኃይል